ለኮሚናሉ የመገንቢያ መጫወቻ ጥግ፦ የአባላት የዕቅድ ውይይት

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም በእኛ በኩል ያለው ኮሚናል (የነዋሪዎች የጋራ መገልገያ ቤት) ከበዓልና ከለቅሶ ውጪ ተዘግቶ እንደሚውል፣ ልጆቻችንም በደረጃውና በመኪና ማቆሚያው መካከል እንደሚጫወቱ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ስብሰባ የአንዱ ክፍል ጥግ ለመገንቢያ መጫወቻ እንዲለቀቅ በሐሳብ ደረጃ ተስማምተናል። ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ጽሑፍ ግን ምን እንደሚገዛ፣ ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆንና ምን እንደሚጠቅም በግልጽ ማስረዳት ስላለበት፣ አስተያየታችሁን እንድታሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የብሎክ 9 ተወካይ፦
ሐሳቡን እደግፋለሁ። የእኔ አስተያየት ከመርካቶ የፕላስቲክ መገጣጠሚያ ከነሥዕላዊ መመሪያው ተገዝቶ፣ ልጆቹ በሥዕሉ መሠረት የሠሩትን በወሩ መጨረሻ ለወላጆች እንዲያሳዩና ላሸነፈው ልጅ ሽልማት እንዲሰጥ ነው። ወላጅ ውጤት ካላየ ገንዘብ አያዋጣም፤ ይህን ከውኃ ፓምፑ መዋጮ ተምረናል።

የብሎክ 4 አባል፣ የአጸደ ሕፃናት መምህርት፦
እህቴ ስለ መዋጮው ያነሡት እውነት ነው፤ በመመሪያውና በሽልማቱ ግን እንድለይ ይፈቀድልኝ። ልጅ አጥብቆ የሚያስበው አልገጥም ሲለው ነው። በቅርቡ በክፍሌ አንዲት የ5 ዓመት ልጅ ሁለት ምሰሶ አቁማ በላያቸው ድልድይ ልታጋድም ስትሞክር እንጨቱ አንድ ጣት ያህል አጠራት። ወደ ግራ ስትስበው በቀኝ ወደቀ፤ ወደ ቀኝ ስትስበው በግራ ወደቀ። ከሳጥኑ ሌላ እንጨት አነሣች፤ እሱም ከፊተኛው እኩል ሆነባት። ቁጢጥ ብላ ጥቂት ካየችው በኋላ እንጨቱን መሬት አስቀምጣ፣ አንደኛውን ምሰሶ በሁለት እጇ ወደ ሌላው ገፋ አደረገችው። ረዳቴ ረጅሙን እንጨት ልታቀብላት እጇን ዘርግታ ስለነበር በዓይኔ ከለከልኳት፤ አቀብላት ቢሆን ኖሮ፣ እንጨት ማስረዘም ካልተቻለ ርቀቱን ማሳጠር እንደሚቻል ልጅቷ በዚያን ዕለት አታገኘውም ነበር።

ሥዕል ተከትሎ መሥራትም የራሱ ጥቅም አለው፤ ወረቀት ላይ የታየውን ቅርጽ በሐሳብ አዙሮ በእጅ ካለው ጋር ማስተያየትን ያለማምዳል። ሆኖም እዚያ ውስጥ ያለውን ችግር ሥዕሉን የሠራው ሰው አስቀድሞ ፈትቶታል። ሽልማቱን በተመለከተ የምሰጋው ልጆቹ እንዳይፈርስባቸው ፈርተው ዝቅ ያለና የለመዱትን ብቻ እንዳይሠሩ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ፍሮቤል እ.ኤ.አ. በ1837 በባድ ብላንከንቡርግ ለሕፃናት የከፈተው ተቋም ከሚጠቀምባቸው መጫወቻዎች አንዱ፣ ሲገጣጠሙ አንድ ትልቅ ኩብ የሚሆኑ 8 ትንንሽ የእንጨት ኩቦች ነበሩ። «ኪንደርጋርተን» ብሎ የሰየመውም እሱ ነው፤ እኛ አጸደ ሕፃናት ስንል ያንኑ የልጆች የአትክልት ስፍራ ማለታችን ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ደግሞ በኒውዮርክ መምህርት ካሮሊን ፕራት የመካከለኛው ቁራጭ ስፋት የውፍረቱ 2 እጥፍ፣ ርዝመቱ 4 እጥፍ የሆነ ወጥ እንጨት አሠራች። ሁለት አጫጭር አንድ መካከለኛ፣ ሁለት መካከለኛ አንድ ረጅም ስለሚሆኑ፣ ልጁ ረጅሙ ሲያልቅበት በምን እንደሚተካው በእጁ ያሰላል። ይህንኑ እዚሁ ማሠራት አንችልም ወይ?

የብሎክ 2 አባል፣ አናጺ፦
ይቻላል። መምህርታችን ባሉት ልክ ውፍረቱን 3.5፣ ስፋቱን 7፣ ርዝመቱን 14 ሳንቲ ሜትር ብናደርገው፣ 120 መካከለኛ፣ 60 ባለ 7፣ 40 ባለ 28 እና 20 ባለ 56 ቁራጭ፣ በድምሩ 240 ቁራጭ፣ 43.4 ሜትር እንጨት ይፈጃል። ለመጋዝና ለብልሽት ሲጨመርበት ባለ 4 ሜትር 13 ጣውላ ይበቃል። እርጥብ የባሕር ዛፍ ሞራሌ ግን እንዳይገዛ አደራ እላለሁ፤ ሲደርቅ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል፣ ልኩም ይዛባል፤ ልኩ ከተዛባ ደግሞ የመምህርታችን ስሌት ሁሉ ከንቱ ነው። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ይለዝባል፤ ቀለም አያስፈልገውም፣ አንዳንዱ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ስላለበት ለልጅ አፍ አይሆንም። ንጹሕ የተልባ ዘይት ይቀባል። (ዘይት የነካው ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት፤ ሊረዱኝ የሚመጡ ወላጆች ከወዲሁ ይወቁት።)

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ የ13ቱን ጣውላ ዋጋ ከሦስት ቦታ አምጥቼ አቀርባለሁ። እኔን የሚያሳስበኝ ለቅሶ ሲሆን ክፍሉ በሩብ ሰዓት መለቀቅ ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ አራት ባለ ጎማ ሳጥን በወጪው ውስጥ ይግባ። አምና የገዛነው የመረብ ኳስ መረብ የት እንደገባ እስካሁን አልታወቀም።

የብሎክ 9 ተወካይ፦
ሽልማቱን ትቻለሁ። ነገር ግን ከ7 ዓመት በላይ ያሉት በእንጨት ብቻ ይሰለቻሉ። የእኔ ልጅ ከሽቦና ከቆርኪ መኪና ሠርቶ መሪው ሲዞር ጎማው አልዞር ቢለው ሦስት ቀን ሲያፈርስና ሲጠግን ሰንብቷል፤ መምህርታችን የሚሉት ይህንን ከሆነ፣ ለትልልቆቹ ሽቦ፣ ቆርኪና ካርቶን ይመደብላቸው።

መምህርት፦
በደስታ፣ በሌላ ሳጥንና በሌላ ጠረጴዛ ከሆነ። ከ3 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የሚያንቅ ነገር በሚለካበት ደንብ፣ ስፋቱ 31.7 ሚሊ ሜትር በሆነ ቱቦ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገባ ነገር አይፈቀድም። የእንጨታችን ውፍረት 35 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ቱቦው ውስጥ አይገባም፣ ይፈቀዳል፤ ቆርኪ ግን ስለሚገባ አይፈቀድም።

የኮሚቴው ጸሐፊ፦
ለጉባኤው የሚቀርበው አንቀጽ እንደሚከተለው ተስተካክሏል፦ «ማኅበሩ በኮሚናሉ አንድ ጥግ 240 ቁራጭ ልከኛ የመገንቢያ እንጨት፣ ለትልልቅ ልጆችም ለብቻው የሽቦና የካርቶን ጠረጴዛ ያዘጋጃል። ልጆች የሚሠሩትን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ውድድርና ሽልማት አይኖርም። ተቆጣጣሪ ወላጅ ለደኅንነት ካልሆነ በቀር በልጁ ሥራ እጁን አያስገባም። በወሩ መጨረሻ ወላጆች መጥተው ልጆቹ ሲሠሩ ይመለከታሉ።»

የቀረው የቁልፉ ጉዳይ ነው። ቅዳሜ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ክፍሉን ከፍተው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ለመቀመጥ የሚችሉ ሁለት ወላጆች የብሎክ ቁጥራቸውን ይጻፉልን።