«ሕልሙ ያልገባት ሚስት» ማለት ምን ማለት ነው?

የሰሚቷ አንባቢ፦
ትናንት ማታ ስለ ጆርጅ ኤልየት ልብ ወለድ «ሚድልማርች» ስናወራ አንድ ወንድማችን «ሐኪሙን ሊድጌትን የጣለችው ሕልሙ ያልገባት ሚስቱ ናት» ብሎ ወጣ። እንቅልፍ ነሳኝ። ያን ሁሉ ገጽ አንብቦ የሚያዝ ነገር ይሄ ብቻ ነው? ሰውዬው ገና ሳያገባ የቤቱን ዕቃ በዱቤ የገዛ ነው፣ ውድ የእራት ሳህን ሳይቀር። ሚስቱ ሮዛመንድ ስለ ዕዳው ምንም አታውቅም። ታዲያ ማን ነው ያልገባው?

የልደታው፦
ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም አልመልሰውም። ሊድጌት ፓሪስ ተምሮ የመጣ ሰው ነው። የሰው አካል መጀመሪያ ከምን እንደተሠራ መመርመር ነበር ሐሳቡ። የንዳድ በሽተኞችንም በአዲሱ ሆስፒታል ያለ ክፍያ ያክም ነበር። እሷስ? ዕዳው ሲከብድ ቤቱን ለቀን ወደ ትንሽ ቤት እንግባ ብሎ ሰው ሲያናግር ከጀርባው ሄዳ አስቆመችው። ለሀብታሙ አጎቱ ሳትነግረው ገንዘብ ለምና ጻፈች። አርግዛ ሳለች ፈረስ አትጋልቢ ቢላት አልሰማ ብላ ወጣች፣ ጽንሱም ወረደ። ይሄ አልገባትም ካልተባለ ምን ሊባል ነው?

ሐኪሟ፦
ወንድሜ፣ እኔም ባለቤቴም ሐኪሞች ነን። እሱ ስፔሻሊስት ለመሆን ሲማር እኔ የራሴን ትምህርት አቆየሁ። ሕልሙ በደንብ ገብቶኝ ነበር። ግን መግባቱ ብቻ የልጅ ወተት አይገዛም። በየወሩ መጨረሻ የምቆጥረው እኔ ነበርኩ። «ገባት፣ አልገባት» የምትሉት ነገር ቤት ውስጥ ስትኖሩ ሌላ ነው።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
እህቴ እግዜር ይስጥሽ። ግን አንድ ነገር ልጨምር። ሊድጌት አንድ ማታ ስለ ቬሳሊየስ አጫውቷታል፣ የሰው አካል ለማጥናት ሌሊት ሬሳ ይሰርቅ ስለነበረው ሐኪም። እሷ ምን አለች? ሐኪም ባትሆን ደስ ይለኝ ነበር። እና ነግሯታል ማለት ነው። አልፈለገችውም እንጂ።

የሰሚቷ አንባቢ፦
መቼ ነገራት? ከተጋቡ በኋላ! ጥያቄዬ እኮ እሱ ነው። በእጮኝነት ጊዜ አንገቷንና ዘፈኗን ሲያደንቅ ነበር። ሚስት ማለት ከሥራ ሲመለስ የምታሳርፈው ጌጥ መስሎት ነው ያገባት። ጌጥ ብሎ ያመጣትን ሰው አጋር አልሆነችኝም ብሎ መክሰስ ይችላል?

የልደታው፦
ባል የቤቱ ራስ ነው። በችግር ቀን አብራው መቆም ነበረባት።

ሕግ ያጠናሁ፦
«ራስ» ስለተባለ ገባሁ። ባልን የቤተሰብ ራስ ያደረገው የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንስቶታል፣ አሁን ሁለቱም እኩል ናቸው። የሁለቱም ደመወዝ የጋራ ነው፣ ለቤት ጥቅም የተገባ ዕዳም የሁለቱም ነው። ሮዛመንድ ግን የምትኖረው በፈረንጆቹ 1830 ገደማ እንግሊዝ ነው። ያገባች ሴት በስሟ ንብረት መያዝ አትችልም ማለት ይቻላል። መወሰን የማትችል ሰው ተደብቃ ደብዳቤ ብትጽፍ ይገርማል?

የልደታው፦
ልብ ወለድ ነው የምናወራው፣ ፍርድ ቤት አታስገባን።

መምህሯ፦
ሁላችሁም የመጽሐፉን ሌላዋን ሚስት፣ ዶሮቲያን ረሳችኋት። እሷ የባሏን ሕልም ለመሸከም ብላ ነው ያገባችው! ለባሏ ለካዞቦን ብላ ላቲንና ግሪክ ተማረች። እሱ ግን ከሞትኩ በኋላም ፈቃዴን እንደምትፈጽሚ ቃል ግቢልኝ አላት። እሺ ልትለው አትክልት ቦታ ስትወርድ ሞቶ አገኘችው። ኑዛዜው ሲከፈት ደግሞ አንድ ወጣት ዘመዱን ካገባች ንብረቱን ታጣለች ይላል። ሕልሙ የገባት ሚስት ያገኘችው ይሄን ነው። ይሄን ክፍል ሳነብ አልቅሻለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ካዞቦንና ሊድጌት አንድ አይደሉም። ሊድጌት ደግ ሰው ነው። መጨረሻው ያሳዝነኛል። ለንደን ሄዶ ሀብታሞችን ሲያክም፣ ስለ ሪህ መጽሐፍ ጽፎ፣ በ50 ዓመቱ ሞተ። ሕልሙን ለቤቱ ሰጠ።

ሐኪሟ፦
ለሚስቱና ለልጆቹ የሚበቃ ኢንሹራንስ ትቶ ነው የሞተው። ይሄ መውደቅ ከሆነ እኔ የማውቃቸው ጥሩ አባቶች ሁሉ ወድቀዋል።

የልደታው፦
እሱ ራሱ ራሱን የወደቀ አድርጎ ነው የሚቆጥረው፣ እኔ አይደለሁም ያልኩት። ሊሠራው የተነሳውን አልሠራም። የከለከለችው ደግሞ

የሰሚቷ አንባቢ፦
ጀመርክ ደግሞ! ምዕራፍ 58ን እንደገና አንብብ። ዕዳውን መቼ እንደነገራት እይና ማታ እንገናኝ።