ጠባሴ ላይ ቴአትር ልናሳይ ነው፤ መጋዘን ይሆናል?

ጠያቂ፦
ሰላም ቤተሰብ። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፣ ጠባሴ። ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም የኳስ ነው። ከጓደኞቼ ጋር አጭር ቴአትር አዘጋጅተን ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ መጋዘን በነፃ አግኝተናል። ይሆናል ወይስ አዳራሽ እንከራይ?

የመድረክ ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ከተዘዋዋሪ ቡድን ጋር መብራትና ድምፅ እሠራ ነበር። ይሆናል፤ በክረምት ግን እንዳትሞክሩት! ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የተዋናዩ አፍ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው። ጥቅምት ይሻላል። ብርዱን ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። ፀሐይ ከገባች ተመልካቹ ጋቢውን ተከናንቦ በር በሩን ያያል። ቅዳሜ 8 ሰዓት ጀምሩ።

ባዶ መጋዘን ያስተጋባል። ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ስቀሉ (መቼም ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ አይጠፋም)። መድረኩን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ጥግ ላይ ሥሩት። በሩ አጠገብ ካደረጋችሁት ያረፈደ ሁሉ ተዋናይ ይሆናል።

ሌላ አስተያየት፦
አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መጀመሪያ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተውን ሀገር ፍቅር ቴአትርን ሄዳችሁ እዩ።

ጠያቂ፦
አይተናል። የቸገረን ወንበር ነው።

የመድረክ ሠራተኛ፦
ከዕድር ተከራዩ። ዳኛውን ግን ቀድማችሁ አናግሩ፤ ለቅሶ ከመጣ ወንበሩ ወደዚያ ነው የሚሄደው።