ጥቆማ፦ ለጎጃም መንገድ 2.4 ሃይሉክስ ይሻላል ወይስ 4.2 ሃርድቶፕ?

ሰሞኑን ከሞጣ አንድ ወንድማችን ደወለልኝ። ከጮቄ ተራራ የድንች ዘር እያወረደ የሚሸጥ ጎበዝ ልጅ ነው። በያዘው ብር ወይ 2.4 ሃይሉክስ ባለ ሁለት ጋቢና ይገዛል፣ ወይ ዕድሜው የገፋ 4.2 ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር (ቁጥሮቹ የሞተሩ መጠን በሊትር ናቸው)። «ጋሼ፣ ትልቁን ሞተር ልያዝ ወይስ ትንሹን?» አለኝ። ግማሹ ሰው «ሃርድቶፕ ምን ጊዜም ሃርድቶፕ ነው» ይለዋል፣ ግማሹ «ናፍጣ ይጨርስሃል» ይለዋል፣ ግራ ገብቶታል። ለሱ በስልክ የነገርኩትን ሌሎችም ስለጠየቃችሁኝ እዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

በምሥራቅ ጎጃም መንገድ ከ15 ዓመት በላይ ነድቻለሁ። ቀድሞ የመሥሪያ ቤት ሃርድቶፕ፣ አሁን የራሴን 2.5 ፒክአፕ። ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ፣ ሁለቱም መንገድ ላይ አሳድረውኛል።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ ወንድምዓለም። ሃይሉክሱን ግዛ። ግን ቀብድ ከመክፈልህ በፊት አንድ ነገር ለራስህ መልስ፤ ናፍጣህን የምትቀዳው ከየት ነው? ከማደያ ከሆነ ምክሬ ያው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከጄሪካን ከሆነ ግን ታች የጻፍኩትን ሳታነብ ብር እንዳታወጣ።

መጀመሪያ የዳገቱን ነገር እንጨርስ። «ትልቅ ሞተር ዳገት አይፈራም» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። ቆላ ላይ እውነት ነው። ሞተር ግን ናፍጣ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ አየርም ይፈልጋል፣ ከፍ ባልክ ቁጥር ደግሞ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ያህል ያጣል። ባሕር ዳር ራሷ 1,800 ሜትር ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ትበልጣለች። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 በላይ ነው። እንግዲህ አብረን እናስላው። የሃርድቶፑ 4.2፣ ያ 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ ከፋብሪካ ሲወጣ 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ አለው። ከሮብ ገበያ ከተማ አልፈህ 3,500 ሜትር አካባቢ ስትደርስ ከ90 ብዙም አይበልጥም። የሃይሉክሱ 2.4 ደግሞ 150 ነው፣ ቱርቦው አየሩን እየጠቀጠቀ ስለሚያስገባለት አብዛኛውን ይዞት ይወጣል። ጎማ የሚያዞረው ጉልበት፣ ቶርክ የሚሉት፣ በ4.2ቱ 285 ኒውተን ሜትር ነው፣ በ2.4ቱ ከ340 በላይ። ስለዚህ ድንች ጭነህ ዳገት ሲገጥምህም ሆነ ባዶህን ስትወጣ፣ በሲሲ (በሞተር መጠን) ትንሽ የሆነው መኪና ነው የሚቀድምህ።

ቶዮታም ይሄን ስለሚያውቅ ይመስለኛል፣ በ2016 ዓ.ም ለዚያው ለ70 ተከታታይ ላንድክሩዘር 2.8 ቱርቦ ሞተር የሰጠው። 204 የፈረስ ጉልበት ነው። አካሉ ያው ሃርድቶፕ ነው፣ ሞተሩ አነሰ፣ ጉልበቱ ጨመረ። ሲሲ ብቻ አይታችሁ «ትልቅ» እና «ትንሽ» አትበሉ የምለው ለዚህ ነው። መጀመሪያ ቱርቦ አለው ወይስ የለውም ብላችሁ ጠይቁ።

እዚህ ላይ ስለ ጥቁር ጭስ አንድ ነገር ልበል፣ ብዙ ሰው ብሩን የሚያባክንበት ስለሆነ። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ መኪና ጮቄ ላይ ጥቁር ጭስ ያጨሳል። የናፍጣው ፓምፕ የሚልከው መጠን ያው ነው፣ አየሩ ግን አንሷል፣ ስለዚህ ናፍጣው ሙሉ በሙሉ አይቃጠልም። አንድ ጋራዥ ይሄንኑ አይቶ «ሞተሩ አልቋል» ብሎኝ ፓምፑን ፈታው፣ ኖዝል ቀየረ፣ 9 ቀን አቆመው። ሂሳቡን ከፍዬ ተመልሼ ስወጣ ያው ጭስ ነው። ኋላ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነው ከተራራው ወርጄ ቆላ ላይ እንዳየው የነገረኝ። ከደጀን ወደ አባይ በረሃ ወርጄ አየሁት፣ ጭስ የለም። ሞተሩ ደህና ነበር። እናንተም ጭሱን ቆላ ወርዳችሁ ሳታዩ ፓምፕ አታስፈቱ።

አሁን ወደ ጭቃው እንምጣ። እዚህ ላይ ሃርድቶፑ ምስጋና ይገባዋል፣ አልክደውም። የዛሬ ሦስት ዓመት ነሐሴ ላይ ከቢቸና ወጣ ብሎ ባለ ዋልካ መሬት ውስጥ 8 ኩንታል ጭኜ ገባሁ። መሃል ላይ ስደርስ ፈራሁና እግሬን ከነዳጅ አነሳሁ። ቱርቦ ያለው ትንሽ ሞተር ደግሞ በደቂቃ ከ1,500 ዙር በታች ሲወርድ ቱርቦው አይረዳውም፣ ያን ጊዜ በቃ 2.5 ብቻ ነው። ተንተፋተፈና ጠፋ። አስነስቼ ስረግጠው ጎማው ባዶውን ዞረ፣ ጥቁሩ ጭቃ እስከ መስተዋቱ ተረጨ፣ መኪናዬ ቀስ እያለች በሆዷ ተኛች። ከኋላዬ የመጣው ሃርድቶፕ በዳር በኩል በፎር ሎው (አራቱም ጎማ በዝግታ ግን በጉልበት በሚዞርበት) አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ እግሩን ከነዳጅ ጨርሶ አንስቶ፣ ሞተሩ ብቻውን ዱፍ ዱፍ እያለ አለፈኝ። ሹፌሩ በመስኮት «ጋሼ፣ አይዞህ» አለኝ። እኔን ያወጡኝ ሁለት ጥማድ በሬ ያመጡልኝ አርሶ አደሮች ናቸው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ብር እንኳ አልቀበልም አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ዘዴውን ተማርኩ። ትንሹን ሞተር ይዘህ ጭቃ ስትገባ ከመግባትህ በፊት ቆመህ ፎር ሎው ታስገባለህ። ሁለተኛ ማርሽ ትይዛለህ። ዙሩን 2,000 አካባቢ ታደርግና እስክትወጣ እዚያው ትይዘዋለህ፣ አትጨምርም፣ አታነሳም። መሃል ላይ ማርሽ መቀየር የለም። ይሄን ካደረግህ 2.4ም ያልፋል። ትልቁ ሞተር የሹፌሩን ስህተት ይሸፍናል፣ ትንሹ አይሸፍንም። መኪናውን ሌላ ሹፌር የሚነዳልህ ከሆነ ይሄንንም አስብበት።

ጎማም አለ። የሃርድቶፑ ቀጭን 7.50 ጎማ ዋልካውን ሰንጥቆ ታች ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል፣ ሰፊው ጎማ ላይ ላዩን ይንሳፈፋል። በ2.4 እና በ2.8 ሃይሉክስ መሃል ያለውን የዋጋ ልዩነት ለሞተር ከምትከፍለው አራት ጥሩ የጭቃ ጎማ ግዛበት። ይሄን ለማንም እላለሁ።

ሰው ሁሉ ስለ መውጣት ያወራል እንጂ ስለ መውረድ አያወራም። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ያለውን የአባይ በረሃ ታውቁታላችሁ። ከ2,400 ሜትር በላይ ተነስተህ 1,100 አካባቢ ትወርዳለህ፣ ከዚያ ትወጣለህ። ቁልቁለቱ ላይ 4.2ቱ በማርሽ ጥሩ አድርጎ ይይዛል፣ ፍሬን ብዙ አትነካም። ትንሹ ሞተር የመያዝ አቅሙ ያንሳል፣ በተለይ ጭነት ካለ። «በወጣህበት ማርሽ ውረድ» የሚሉት የድሮ ሹፌሮች ለትንሹ አንድ ማርሽ ቀንሰው ቢሉት ይሻል ነበር። የፍሬን ሽታ ከሸተተህ ዳር ይዘህ ቁም፣ ግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ፣ ውሃ እንዳታፈስበት።

አሁን ወደ ናፍጣው፣ ለኔ ዋናው ጉዳይ ይሄ ነው።

1ኤችዜድ ኮምፒውተር የለውም። ፓምፑ ሜካኒካል ነው፣ ትንሽ ቆሻሻ ናፍጣም ቢሆን ይታገሳል። ቱርቦዎቹ 2.4፣ 2.5 እና 2.8 ግን ኮመን ሬይል ናቸው፣ ናፍጣውን ከ1,500 ባር በላይ በሆነ ግፊት የመርፌ ጫፍ በማያስገባ ቀዳዳ ነው የሚረጩት። ውሃ ወይም ደለል ከገባበት ናፍጣ የሚረጨው ኢንጀክተር ያልቃል። ማደያ ናፍጣ ሲጠፋና ከመንገድ ዳር ስንቀዳ ያን ነው የምናስገባለት። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ከጄሪካኑ በንጹሕ የሃይላንድ ፕላስቲክ ግማሽ ሊትር እቀዳለሁ፣ ክዳኑን ዘግቼ አሳድረዋለሁ። ጠዋት ብርሃን ላይ አንስቼ ከሥሩ አየዋለሁ። ውሃ ካለው ታች ላይ እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ቀለበት ሠርቶ ይጠብቃችኋል፣ ደለል ካለው ዘንበል ስታደርጉት ይንሸራተታል። እንዲህ ያለውን ለመኪናዬ አልሰጥም። የናፍጣ ፊልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማፍሰሻም በየሳምንቱ ክፈቷት፣ አንድ ደቂቃ አትፈጅም።

እንግዲህ ወንድምዓለም፣ ከሞጣ ማደያ የምትቀዳ ከሆነ ሃይሉክስ። ወሩን ሙሉ ከማደያ የራቀ ቦታ እየሠራህ ያገኘኸውን የምትቀዳ ከሆነ ግን እኔም ሃርድቶፑን እገዛለሁ፣ ጮቄ ላይ ቀስ ብሎ ይውጣ፣ ምን ይደረጋል።

ስለ ጋራዥ ለጠየቃችሁኝ። 4.2ቱን ቡሬም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ደንበጫም ሆነ ደጀን የሚፈታው መካኒክ አታጡም። ኮመን ሬይሉን ግን ለማንም አታስነኩ። እኔ የፍሬን፣ የፍሪሲዮን፣ የባሌስትራ ሥራ ደብረ ማርቆስ አሠራለሁ፣ በዋጋም በልፋትም ይሻለኛል። ኢንጀክተር ሲሆን ባሕር ዳር እሄዳለሁ፣ ካልሆነ አዲስ አበባ። ከማሠራቴ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፤ በኮምፒውተር ታነባላችሁ? ኢንጀክተሩን ፈትታችሁ በማሽን ትፈትሻላችሁ ወይስ በግምት ነው? የወጣውን ዕቃ ትመልሱልኛላችሁ? ሦስተኛውን ሲሰማ ፊቱ የሚለወጥ ጋራዥ አለ፣ ከዚያ ውጡ። ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

2.5 ዲፎርዲ (የድሮውን የሃይሉክስ ቱርቦ ናፍጣ ሞተር) የምትገዙ አንድ ነገር አደራ። የኢንጀክተሩ ሥር የመዳብ ቀለበት ሲያረጅ የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ይገባል፣ ጥላሸቱ ዘይት የሚስበውን ወንፊት ይደፍነዋል። የኔን መካኒኩ ከሥር ያለውን የዘይት ማጠራቀሚያ ሲያወርደው ወንፊቱ ላይ እንደ ቡና አተላ ያለ ጥቁር ነገር ጋግሮበት ነበር። ትንሽ ቢቆይ ሞተሩ ያለ ዘይት ይነክስ ነበር። ሲገዛ ይሄን አስወርዳችሁ እዩ። የታይሚንግ ቺንጋም (ሞተሩ ውስጥ ያለውን የጎማ ቀበቶ) አትርሱ፣ 4.2ም 2.5ም ቺንጋ ነው ያላቸው፣ በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ሻጩ «ተቀይሯል» ቢል ደረሰኝ ከሌለው እንዳልተቀየረ ቁጠሩት። 2.4ና 2.8ቱ ሰንሰለት ናቸው።

የነዳጅ ፍጆታ፦ በእጄ ያየሁት ሃርድቶፑ በኮረኮንች በሊትር 7፣ ቢበዛ 8 ኪሎ ሜትር። ፒክአፑ 10 ከፍ ሲል 11። የዋጋው ነገር ደግሞ፣ ከ2016 ዓ.ም ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አገር ውስጥ ያለው ነው የሚዟዟረው፣ ሃርድቶፕም ስትሸጠው ዋጋው አይወድቅብህም። ይሄም ለሱ ይቆጠርለት።

ከፈረስ ቤት ለጻፍሽልኝ እህቴ። እታለም፣ አንቺ የምትጭኚው ራስሽንና የክትባት ሳጥን ከሆነ ሁለቱም አያስፈልጉሽም። ደህና የተያዘ የድሮ 1.6 ሱዙኪ ቪታራ ፈልጊ። ቤንዚን ነው፣ ቱርቦ የለውም፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ግን ቀላል ነው፣ ፎር ሎው አለው፣ ጭቃ ውስጥ ቢቀር አራት ሰው ገፍቶ ያወጣዋል። ሻንሲው ላይ ዝገት እንዳለ ተኝተሽ እይ፣ ካልሆነ የሚያውቅ ሰው ይይልሽ።

የሞጣው ወንድሜ፣ ሻጩን መኪናውን ሐሙስ ደብረ ማርቆስ ድረስ እንዲያመጣው ለምነው። ማታ አሳድሩትና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሞተሩ ሳይሞቅ እኔ መጥቼ አስነሳዋለሁ። ከዚያ በሮብ ገበያ በኩል ይዘነው እንወጣለን። ዘይቱንና ጎማውን የማየው እኔ ነኝ፣ አንተ የሃይላንዱን ፕላስቲክ ይዘህ ና።