በ38 ዓመቴ ረጅም ርቀት መሮጥ ጀመርኩ፤ ትንፋሼ ሲሻሻል ቅልጥሜ ለምን ታመመ?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ጤና ይስጥልኝ። በደብረ ማርቆስ በመምህርነት የምሠራ የ38 ዓመት ሰው ነኝ። ተማሪ ከነበርኩበት ጊዜ ወዲህ ስፖርት የሚባል ነገር ሞክሬ አላውቅም ነበር፤ ባለፈው ጥቅምት ግን ሐኪም የደም ግፊቴ ወደ ላይ እያለ መሆኑን ነግሮ ሰውነቴን እንዳንቀሳቅስ ሲመክረኝ ሩጫን መረጥኩ። በመጀመሪያው ሳምንት ግማሽ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሄድ ትንፋሼ እየተቆራረጠ ጉልበቴን ይዤ እቆም ነበር። አሁን በጥር ወር፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል እየተነሣሁ በሳምንት 6 ቀን 5 ኪሎ ሜትር ሳልቆም እሮጣለሁ። ሩጫው ሐኪም ያዘዘው ነገር መሆኑ ቀርቶ በቀኔ ውስጥ በጉጉት የምጠብቀው ሰዓት ሆኖልኛል፤ በሚቀጥለው ዓመትም 21 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ አስቤያለሁ።

ችግሬ ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ የጀመረኝ የቅልጥም ሕመም ነው። ሕመሙ በቀኝ እግሬ በውስጥ በኩል፣ ከቁርጭምጭሚቴ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ጠዋት ከአልጋ ስወርድ የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች እያነከስኩ እራመዳለሁ፤ ሰውነቴ ሲሟሟቅ ይተወኛል፣ ከሰዓት በኋላ ግን ተመልሶ ይመጣል። ቆሜ ሳስተምር ክብደቴን ወደ ግራ እግሬ እንደማዛውር ተማሪዎቼ ሳይቀሩ አስተውለዋል። ሁልጊዜ የምሮጠው በአስፋልቱ ዳር ከከተማ ወጥቼ በመመለስ ነው፤ በየቀኑ ሰዓት እይዛለሁ፣ ከትናንቱ ፈጥኜ ካልገባሁም ቀኑን ሙሉ ቅር ይለኛል። ጫማዬን ከልባሽ ተራ ነው የገዛሁት።

መጠየቅ የምፈልገው፣ በዚህ ዕድሜ የተጀመረ ሩጫ ረጅም ርቀት ሊያደርስ ይችላል ወይ፣ ሕመሙን ችዬ ልቀጥል ወይስ ላቁም የሚለውን ነው። ዐቢይ ጾምም እየመጣ ስለሆነ 55ቱን ቀን እየጾሙ ልምምድ የቀጠሉ ሰዎች እንዴት እንዳደረጉ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

ወንድሜ፣ በሦስት ወር ከግማሽ ኪሎ ሜትር ተነሥተው 5 ኪሎ ሜትር መድረስዎ ትልቅ ነገር ነው። እኔ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ፤ የእርስዎን ዓይነት ሕመም ይዞ የሚመጣ ጎልማሳ በሥራዬ ደጋግሞ ያጋጥመኛል። ሁሉም ማለት ይቻላል የሚሉኝ አንድ ነው፤ «ትንፋሼ እየተሻሻለ ሳለ እግሬ ለምን ከዳኝ?» ይላሉ።

ሩጫ ሲጀመር ቀድሞ የሚለወጠው የልብና የደም ነገር ነው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ የደሙ መጠን ይጨምራል፣ ልብ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይበዛል፣ ጡንቻም ኦክስጅንን በደንብ መጠቀም ይለምዳል፤ ትንፋሽ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። አጥንትና ጅማት ግን በዚህ ፍጥነት አይከተሉም። አጥንት ያልለመደው ጫና ሲደርስበት በመጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፣ አዲሱን የሚገነባው ከዚያ በኋላ ነው፤ በማፍረሱና በመገንባቱ መካከል ባሉት ሳምንታት ከወትሮው ይልቅ ደካማ ነው። ጅማት ደግሞ የሚደርሰው ደም አነስተኛ ስለሆነ ለመጠንከር ወራት ይፈልጋል። ትንፋሽዎ ሲፈቅድልዎ እግርዎም የፈቀደ መስሎዎት በሳምንት 6 ቀን በጠንካራ አስፋልት ላይ በሙሉ ኃይልዎ ሮጠዋል፤ ለአጥንቱ የመገንቢያ ቀን አልተረፈውም።

ዛሬ ማታ ተቀምጠው የቅልጥምዎን የውስጥ ጠርዝ ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ በአውራ ጣትዎ እየተጫኑ ይውጡ። ሕመሙ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ላይ የተዘረጋ ከሆነ በአጥንቱ ዙሪያ ያለው ሽፋንና ጡንቻ ተቆጥቷል ማለት ነው፤ በዕረፍት ይመለሳል። ሳንቲም በምታህል አንዲት ቦታ ላይ ብቻ ሲጫኑት ከመቀመጫዎ የሚያስነሣዎት ከሆነ፣ ወይም ሌሊት ተኝተው ሳሉ የሚጠዘጥዝዎት ከሆነ ግን የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ስለሚችል ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። እንዲህ ያለውን ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጅ ላያሳየው እንደሚችልም ይወቁ፤ «ራጁ ንጹሕ ነው» ተብለው ሩጫ ጀምረው ብሰው የተመለሱ ሰዎች አይቻለሁ።

የመጀመሪያው ዓይነት ከሆነ ለሁለት ሳምንት ሩጫውን ያቁሙ፤ ሕመም ሳይኖር እስከቻሉ ድረስ በፍጥነት ይራመዱ። በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶችዎ ቆመው ተረከዝዎን ቀስ ብለው ማንሣትና ማውረድ ባትዎን ያጠነክራል፤ ጠንካራ ባት ደግሞ ለቅልጥም ጋሻ ነው። ከልባሽ ተራ የተገዛ ጫማ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኋላ ይመልከቱት። ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ፣ ወይም ሶሉን በጣትዎ ሲጫኑት እንደ እንጨት ከደረቀ ይተውት። የደም ግፊትዎንም ከመመለስዎ በፊት ይለኩ፤ በሩጫ መካከል ደረትዎን ከያዘዎት ወይም ካዞረዎት ወዲያው ማቆም አለብዎት።

መልስ፦ ከባሕር ዳር

ስለ ሕመሙ እኅታችን የጻፈችው በቂ ስለሆነ እኔ ስለ ዕድሜና ስለ ፍጥነት ልናገር። ሩጫ የጀመርኩት በ44 ዓመቴ ነው፤ ዘንድሮ 57 ሞላኝ፣ አሁንም በሳምንት አራት ቀን እሮጣለሁ።

ማሞ ወልዴ የሜክሲኮ ኦሊምፒክን ማራቶን እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያሸንፍ 36 ዓመቱ ነበር። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በ2024 የለንደን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሴኮንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲጨርስ 41 ዓመቱ ነበር። እነዚህ ሰዎች ከልጅነታቸው የሮጡ ናቸው፤ ስለዚህ ጀማሪ ጎልማሳ እንደ እነርሱ ይሆናል ማለቴ አይደለም። ነገር ግን ርዝመትን የሚችል ጉልበት በ30 ዓመት እንደማያልቅ ያስረዳሉ፤ ጎልማሳ ቀድሞ የሚያጣው ፍጥነትን እንጂ ጽናትን አይደለም። 21 ኪሎ ሜትር በሚቀጥለው ዓመት መሮጥ ይችላሉ ብዬ አምናለሁ።

የእርስዎ ችግር ሰዓቱ ነው። እኔም በሁለተኛው ዓመቴ ጠዋት ጠዋት የቤዛዊትን ዳገት በሩጫ እየወጣሁ፣ የዛሬው ከትናንቱ እንዲፈጥን እታገል ነበር። አንድ ቀን ዳገቱን ስወርድ የተረከዜ ጅማት እንደ ገመድ ሲወጠር ተሰማኝ፤ ሳልቆም ቤቴ ድረስ ሮጥኩ፣ ከዚያም አራት ወር ሙሉ አልሮጥኩም። እነዚያን አራት ወራት እስከ ዛሬ ይቆጩኛል። ከተመለስኩ በኋላ ለስድስት ወር ሰዓት ሳልይዝ ነው የሮጥኩት፤ የረጅም ርቀት ሯጭ የሆንኩትም ያን ጊዜ ነው።

ትክክለኛውን ፍጥነት ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እየሮጡ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ድምፅ አውጥተው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይድገሙ። በየቃሉ መካከል አየር ለመሳብ ከተቸገሩ ፈጥነዋል ማለት ነው፤ በመደበኛ አነጋገርዎ ከጨረሱት ልክ ነዎት። መጀመሪያ ሲሞክሩት ከእርምጃ ብዙ የማይሻል ዝግታ ሆኖ ያገኙታል፣ ያሳፍርዎታልም፤ ይታገሡት። በተለይ ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ሰው የተዘጋጀ የፍጥነት ሠንጠረዥ ለእርስዎ አይሠራም። እኔ ራሴ ከ1,800 ሜትሯ ባሕር ዳር ወደ እናንተ ለዘመድ ጥየቃ ስመጣ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በግማሽ ጉልበቴ ነው የምሮጠው።

እግርዎ ሲድን በሳምንት በሦስት ቀን ይጀምሩ፤ 1 ደቂቃ ሩጫ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ እያደረጉ 30 ደቂቃ ይሙሉ፣ ሕመም ካልተመለሰ በየሳምንቱ የሩጫውን ደቂቃ ይጨምሩ። ሳይቆሙ 30 ደቂቃ ሲሮጡ ከሦስቱ ቀናት አንዱን የረጅም ሩጫ ቀን ያድርጉትና በሳምንት ከ5 ደቂቃ ሳያበልጡ ያርዝሙት፤ በየአራተኛው ሳምንት ደግሞ ይቀንሱለት። እስከ ክረምቱ መግቢያ የአፈር መንገድና የሣር ሜዳ ይምረጡ። ክረምት ሲገባ የመረሬ ጭቃ ጫማ ላይ እየተለጠፈ እግር ስለሚያከብድ ያን ጊዜ ወደ አስፋልት መመለስ ግድ ነው፤ በአስፋልት ሲሮጡ መኪናው ፊት ለፊት እንዲታይዎት በግራ በኩል ይሁኑ።

መልስ፦ ከዳንግላ

እኔ ነጋዴና የሦስት ልጆች እናት ነኝ፤ ከጎረቤቴ ጋር መሮጥ ከጀመርን አራት ዓመት አልፎናል። ሁለታችንም ጾመኞች ስለሆንን ስለ ጾሙ ብቻ ልመልስ ብዬ ነበር፤ ሌላም ነገር ትዝ አለኝ።

በዐቢይ ጾም ጠዋት መሮጥ ሞክረን አልሆነልንም፤ ከሮጡ በኋላ ያለ ውኃና ያለ ምግብ እስከ 9 ሰዓት መቆየት ራስ ምታት ያመጣል። ስለዚህ ልምምዱን ጾማችንን ልንፈታ አንድ ሰዓት ሲቀረን አደረግነው፤ እንደገባን ውኃ ጠጥተን እንበላለን። ርዝመት የምንጨምረው ከፋሲካ በኋላ ነው፣ በጾሙ ያለንን መጠበቅ ብቻ ይበቃናል። እርስዎ የደም ግፊት ስላለብዎት ሐኪምዎንም የንስሓ አባትዎንም አስቀድመው ያማክሩ። ምግቡን በተመለከተ ምስር፣ ሽንብራና የአተር ሽሮ አይጉደልብዎት፤ በሶም ቶሎ ጉልበት ይሰጣል። ጓያን ግን የዘወትር ምግብ አያድርጉት፤ በእኛ አገር በችግር ዘመን ጓያ ብቻ እየበሉ እግራቸው የሰለለ ሰዎች ነበሩ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ሲጠጡ ብረት የተባለውን ንጥረ ነገር ሰውነት እንዳይወስድ ስለሚከለክሉ ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ያርቋቸው።

በ11 ሰዓት ተኩል ብቻዎን ከከተማ ይወጣሉ? እኛ ሰማዩ ሳይገለጥ አንወጣም፤ ጅቡም ውሻውም ገና መንገድ ላይ ነው። ውሻ ሲመጣብዎት ሩጫዎን ያቁሙ፤ ጀርባ ሳይሰጡ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ይበሉ፣ አብዛኛው ወዲያው ይመለሳል። ሰው ደግሞ «ማን አባሮት ነው?» ማለቱ አይቀርም። እኛን በመጀመሪያው ዓመት ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ያየን ነበር፤ ዛሬ አንድ ቀን ብንቀር «ታማችሁ ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁናል።

ምላሽ፦ ከጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ቅልጥሜን እንደተባልኩት ተጭኜ አየሁት፤ ሕመሙ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያነሰ ርዝመት ላይ የተዘረጋ ነው፣ ለይቶ የሚወጋኝ ቦታ የለም፣ ሌሊትም አያመኝም። ጫማዬን ጠረጴዛ ላይ ሳስቀምጠው የቀኙ ወደ ውስጥ ማዘንበሉን አየሁ፤ ለሦስት ወር ሳስረው አንድም ቀን ከኋላ አላየሁትም ነበር። ዛሬ ሰዓቴን ቤት ትቼ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ በአፈሩ መንገድ 40 ደቂቃ ተራመድኩ። ቅልጥሜ አላመመኝም። ጋሼ፣ «አቡነ ዘበሰማያት»ን በእርምጃ ሞክሬ ያለ ችግር ጨርሼዋለሁ፤ በሩጫ የምሞክረው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። እኅቴ፣ በደረጃ ጠርዝ ላይ የሚሠራው ስንት ጊዜ፣ በየስንት ቀኑ ነው?

መልስ፦ ከፍኖተ ሰላም

አንድ ቀን እየዘለሉ፣ 15 ጊዜ እያደረጉ ሦስት ዙር ይሥሩ፤ በየዙሩ መካከል 1 ደቂቃ ይረፉ። ሲያወርዱ ከሚያነሡበት ይልቅ ይዘግዩ፣ በልብዎ እስከ ሦስት ይቁጠሩ። ለመጀመሪያው ሳምንት በሁለት እግር ይሁን፤ ቅልጥምዎ ዝም ካለ በሁለተኛው ሳምንት በአንድ እግር ይሞክሩትና እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ።