ወንድሜ የሚሄድባት የሥነ ልቦና ባለሙያ ምክር አትሰጠውም፤ ይቀጥል ወይስ ላስቁመው?

እህተ ደሴ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ታናሽ ወንድሜ የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኝ ነበር። ጦርነቱ ደሴ የገባበት ዓመት መሆኑን ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ ተቆራርጦ፣ እኛም ተሰደን ተመልሰን፣ ፈተናውን ጥቅምት 2015 ዩኒቨርሲቲ ገብተው ወሰዱ። አላለፈም። በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር፤ ይህን ደጋግመን ብንነግረውም አልሰማ አለን። ከልጅነቱ ጀምሮ ቤት ውስጥ «ዶክተር» ነበር የምንለው፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሳይቀር።

ከዚያ ወዲህ ቤት ነው የዋለው። ስልኩን ሲነካካ ይውላል፣ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ይገባል። የቅሬ ሰው ሞቶ እንኳ ቀብር አይወጣም። በሰው ጥቆማ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በየሳምንቱ እየላክሁት ነው፤ ከሱቄ እየቆነጠርሁ ነው የምከፍለው። የጠበቅሁት «ኮሌጅ ግባ፣ ጠዋት ተነስ፣ ስልኩን ተው» ብላ መንገድ እንድታስይዘው ነበር። ምን አለችህ ስለው «ምንም፤ እኔ ነኝ ሳወራ የቆየሁት» ይለኛል። ደውዬ ስጠይቃት ሰው ተኮር፣ ሂዩማኒስቲክ በሚባለው መንገድ እንደምትሠራ ነገረችኝ፤ የተነጋገሩትን ግን ልትነግረኝ አልፈለገችም። ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው? ግቡስ? ለማዳመጥ ብቻ ከሆነ እኔም በነጻ አዳምጠዋለሁ።

ጋሽ ጦሳ፦
ልጄ፣ አብሽሪ። በእኛ ጊዜ ሰው ሲከፋው ወዳጃ ይቀመጣል፣ ቡናው ይፈላል፣ ትልልቆቹ ዱዓ ያደርጉለታል። ደም የተቃባ እንኳ በአባጋር ይታረቃል። ይህ ልጅ የሥራ ያለህ እያለ ነው። ኮምቦልቻ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ጋ አስገቢው፤ ለሴትዮዋ የምትከፍይውን ልብስ ግዢበት። ማዳመጥማ ግድግዳም ያዳምጣል።

የቦርከና ልጅ፦
በሙያው ውስጥ ስላለሁ ትንሽ ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። ጋሼ፣ ወዳጃን የሚያህል ነገር እኔም አላውቅም፤ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያስታውሰዋል። አባጋር ግን የሚቀመጠው ሁለት ወገን ሲጣላ ነው። የዚህ ልጅ ጠብ ከራሱ ጋር ነው፤ ካሣ ተቀባዩም ከፋዩም እሱው።

የዚህ መንገድ ጀማሪ ካርል ሮጀርስ የሚባል አሜሪካዊ ነው (እ.ኤ.አ. 1902–1987)። በወጣትነቱ ሮቸስተር ከተማ ከልጆችና ከወላጆች ጋር ሲሠራ ልጇ ያስቸገራት አንዲት እናት ትመጣለች። የችግሩ ሥር እናትየው ልጁን በሕፃንነቱ መግፋቷ እንደሆነ ሮጀርስ አምኖበታል፤ በተገናኙ ቁጥር በዘዴ ሊያሳያት ይሞክራል፣ እሷ ግን አይገባትም። በመጨረሻ አልሆነልንም፣ ይብቃን ተባብለው ተነሱ። ሴትዮዋ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ ለትልልቅ ሰዎችም ምክር ትሰጣለህ ወይ ስትል ጠየቀችው። አዎ ሲላት ተመልሳ ተቀመጠች፤ ስለ ትዳሯ፣ ስለ ተስፋ መቁረጧ ዘረገፈችው። እስከዚያ ድረስ ከነገረችው ደረቅ ታሪክ ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ሥራው የተጀመረው ያኔ ነው፤ ለእሷም ለልጇም በጀ። ሮጀርስ ከዚህ የያዘው ነገር ቢኖር የት እንደሚያመው የሚያውቀው ባለቤቱ ነው የሚለውን ነው። ባለሙያው ብልህነቱን ለማሳየት ካልቸኮለ በስተቀር መንገዱን የሚመራው ታካሚው ነው። እንዲያውም ሮጀርስ «ታካሚ» ማለቱንም ትቶ «ደንበኛ» ይል ነበር።

ከሥሩ ያለው እምነት ሰው በተፈጥሮው ወደ ማደግ ያዘነብላል የሚል ነው። ሮጀርስ ከፊል ልጅነቱን እርሻ ላይ ያሳለፈ ሰው ስለሆነ ምሳሌው ድንች ነው። ለክረምት ቀለብ ምድር ቤት የተከማቸ ድንች፣ አፈር ሳይኖረው፣ ውሃ ሳይኖረው፣ ነጭና ቀጭን ቡቃያ እያወጣ ከፍ ብላ ወዳለችው ትንሽ መስኮት ይሳባል። የወሎ ደጋ ሰው ይህን ለማየት አሜሪካ መሄድ አያሻውም።

ታዲያ ሰው ወደ ማደግ የሚያዘነብል ከሆነ ለምን ጓዳ ይገባል? እዚህ ላይ ነው የእናንተ ቤት ጉዳይ የሚመጣው። ልጅ መወደድ ይፈልጋል። የሚወደደው እንዲህ ሲሆን ብቻ እንደሆነ ከተሰማው ያንን ሆኖ ለመገኘት ይጥራል፤ የራሱን ስሜት መስማት ይተዋል። ሮጀርስ ይህን ዋጋ የማግኛ ቅድመ ሁኔታ ይለዋል። ልሁን ብሎ የሚስለው ሰውና አሁን ያለው ሰው በጣም ሲራራቁ ጭንቀቱ ይመጣል። እህቴ፣ ቅር እንዳይልሽና አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ዛሬ ቤት ውስጥ ምን ብላችሁ ነው የምትጠሩት?

እህተ ደሴ፦
ወላሂ እስካሁን አስቤው አላውቅም። «ዶክተር» ማለቱን ሁላችንም ተውነው፤ ማን ተው እንዳለን አላውቅም። ስሙን ደግሞ ለምደነው ስለማናውቅ አይመጣልንም። «አንተ»፣ «ስማ» ነው የምንለው። አባቴ ጭራሽ በእኔ በኩል ነው የሚያዘው፤ «በይ ንገሪው» ይለኛል።

የቦርከና ልጅ፦
ማንንም ልወቅስ አይደለም፤ በፍቅር ነው ያወጣችሁለት። ግን እሱ ጋ የደረሰው «የምንወደው ዶክተሩን ነው» የሚል ሆኖ ሊሆን ይችላል። 3.3 በመቶውን ስትነግሩት የማይሰማውም ለዚህ ይመስለኛል፤ እሱ የሚቆጥረው አገሪቱን አይደለም፣ እናንተ ፊት የጠፋበትን ቦታ ነው።

እንግዲህ ግቡ ከዚህ ይነሳል። ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጽሑፍ ሰው እንዲለወጥ ያስፈልጋሉ ያላቸውን ሁኔታዎች ዘረዘረ፤ ከባለሙያው የሚጠበቁት ሦስቱ ናቸው ዛሬ ድረስ የሚጠቀሱት። አንደኛው ባለሙያው ውስጡና ውጩ አንድ መሆኑ ነው፤ የሐኪም ፊት ለብሶ አይቀመጥም። ሌላው ሰውየውን ያለ ቅድመ ሁኔታ መቀበል ነው፤ ይህ ሥራውን ሁሉ ማጽደቅ ማለት አይደለም፣ ቢሰክርም ቢዋሽም ሰውነቱ አይቀንስብኝም ማለት ነው። ሦስተኛው ነገሩን በእሱ ዓይን ማየትና ያየኸውን መልሰህ እንዲሰማው ማድረግ ነው። ባለሙያዋ «ጠዋት ተነስ» ብትለው ኖሮ ሌላ አንድ ቅድመ ሁኔታ ትጨምርበት ነበር፤ ከአሁን በኋላ ደግሞ እሷን ላለማሳፈር ይነሳ ይሆናል።

የሚፈለገው ለውጥ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው። ሰውየው የሚሰማውን ሳይፈራ መስማት ይጀምራል፣ «ምን ይሉኛል» ከሚለው «እኔ ምን እፈልጋለሁ» ወደሚለው ይዞራል፣ ራሱ ይወስናል። ዘወትር ደስተኛ ይሆናል ያለ የለም። ማዝሎው የሚባለውም ሰው፣ የፍላጎት ደረጃዎችን እ.ኤ.አ. በ1943 የጻፈው፣ ከዚሁ ቤት ነው፤ ትምህርት ቤት የተማርነውን ፒራሚድ ግን እሱ አልሳለውም፣ በኋላ ሰዎች ናቸው የሳሉለት። ሁሉን በሕፃንነት ቁስል ከሚፈታው ከፍሮይድ መንገድና ሰውን በሽልማትና በቅጣት ከሚያየው ከቢሄቪየሪስቶች መንገድ ቀጥሎ ስለመጣ ይህን ሂዩማኒስቲክ መንገድ ሦስተኛው ኃይል ይሉታል።

ሐይቅ ዳር፦
እኔ በደንበኛ ወንበር የተቀመጥሁ ነኝ። ሌላ ከተማ ነው፣ ቢሮው ከፎቶ ኮፒ ቤት በላይ ነበር፤ ማሽኑ ሲሠራ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። መጀመሪያ አካባቢ እንደ ወንድምሽ ተናድጄ ነበር የምወጣው። አንድ ቀን ባለሙያውን «አባቴን አሳፈርሁት» አልሁት፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ኧረ ተው፣ አላፈረብህም» ነበር የሚለኝ። እሱ ግን «አባትህ ፊት መቆም ከብዶሃል» ብሎ ዝም አለ። ማሽኑ ታች ይንኳኳል፣ እኔ ወለሉን አያለሁ። ብዙ ቆይቼ «የከበደኝ እሱ ፊት መቆም አይደለም፣ እኔም መማሩን አልፈለግሁትም ነበር» የሚል ከአፌ ወጣ። ለራሴም ብዬው አላውቅም ነበር። ያን ቀን ምክር ሰጥቶኝ ቢሆን ይህ ነገር አይወጣም ነበር።

ደግሞ እህቴ፣ አንቺ በነጻ ልታዳምጪው አትችይም። እህቱ ነሽ፣ ሲከፋው ታለቅሻለሽ፤ እሱም እንዳታለቅሽ ብሎ ይደብቅሻል።

ከወልድያ፦
ሁላችሁም አደነቃችሁት፣ እኔ ልቃወም። ያሉትን መልሶ ማለት ማሽንም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1966 ኤም አይ ቲ በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የሚባል ሰው ኢላይዛ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም ሠርቶ በሮጀርስ አነጋገር እንዲመልስ አደረገው፤ አንዳንዱ ተጠቃሚ ማሽን መሆኑን እያወቀ ምስጢሩን ያወራለት ነበር። ለወንድሟ ሲቢቲ የሚባለው፣ አስተሳሰብንና ልማድን በግልጽ የቤት ሥራና ዕቅድ የሚለውጠው የንግግር ሕክምና አይሻለውም?

የቦርከና ልጅ፦
ጥሩ ነጥብ ነው። እንደ ኢላይዛ የሚሠራ ባለሙያ ሞልቷል፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሰዓቱን የሚጨርስ፤ ያ ሮጀርስ ያለው አይደለም። የወንድሟ ባለሙያ የትኛዋ እንደሆነች ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ማስረጃውን በተመለከተ፣ እንግሊዝ አገር ድብርት ባለባቸው 510 ሰዎች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ሁለቱን አወዳድሯል። በ6 ወር ላይ ሰው ተኮሩ ከሲቢቲ የማያንስ ሆኖ ተገኘ፤ በ12 ወር ላይ ግን ሲቢቲ በለጠ። ስለዚህ ቀልድ አይደለም፣ ለሁሉ ሰው የመጨረሻው መድኃኒትም አይደለም። በጦርነቱ ያየው ነገር በሕልሙ እየመጣ የሚያስጨንቀው ከሆነ ደግሞ ለዚያ ተብሎ የተዘጋጀ ሕክምና አለ፤ ማዳመጥ ብቻውን ላይበቃ ይችላል።

ነርስ ከመርሳ፦
ሰው ሁሉ ስለ ሮጀርስ ሲያወራ እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነው። ወንድምሽ ይተኛል? ክብደቱ ቀንሷል? «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ነገር ተናግሮ ያውቃል? ሌላ ሰው የማይሰማው ድምፅ ይሰማል? ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ የሥነ ልቦና ባለሙያዋን ሳይተው የአእምሮ ሐኪም ሊያየው ይገባል፤ ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፣ ሩቅ አይደለም። ስለ ሞት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ጠይቂው። አዎ ካለሽ ብቻውን አትተዪው፣ በዚያው ቀን ውሰጂው። መድኃኒትና ንግግር ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

እህተ ደሴ፦
ትናንት ማታ ጠየቅሁት፣ ልቤ እየመታ። ስለ መሞት አላስብም አለኝ፤ እንቅልፉ ግን ሌሊት የለም፣ ቀን ነው የሚተኛው። ድምፅም የለም አለኝ። ግራ ገብቶት «ማን ጠይቂው አለሽ?» አለኝ፣ ሳቀ እንኳ። አሁን ጥያቄዬ ሁለት ነው፤ እኔ ቤት ምን ላድርግ? እስከ መቼስ ልጠብቅ?

ነርስ ከመርሳ፦
አልሐምዱሊላህ። እንቅልፉ ካልተስተካከለ ግን ለማንኛውም ሐኪም ይየው፤ የደም ማነስም፣ የእንቅርት ዕጢ ችግርም ሰውን እንዲህ ያደርጋል፣ በላቦራቶሪ ይታያል።

የቦርከና ልጅ፦
ቤት ውስጥ «ዛሬ ምን አለችህ?» የሚለውን ተዪው። ያ ሰዓት የእሱ ነው፤ ለአካለ መጠን የደረሰ ሰው ስለሆነ ባለሙያዋም ምስጢሩን መጠበቋ ግዴታዋ ነው፣ ብትነግርሽ ነበር መጠርጠር። በስሙ ጥሩት። አባትሽ በአንቺ በኩል ማዘዙን ትቶ በቀጥታ ያናግረው፣ ስለ ትምህርት ሳይሆን ስለማንኛውም ነገር።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ወንድምሽ ራሱ «እስካሁን ምን ለውጥ አየን? ወዴት እየሄድን ነው?» ብሎ ይጠይቃት። በዚህ መንገድ የሚሠራ ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ እንዲያውም ልጁ ቅሬታውን ፊት ለፊት መናገሩ ራሱ አንድ ለውጥ ነው። ሸሽታ ከመለሰችለት ወይም ከተቆጣች ሌላ ይፈልግ። ለጥቂት ወራት ሄዶ እሱም ምንም ካላየ በግልጽ ተነጋግረው ወደ ሲቢቲ መዞር ይቻላል።

ጋሽ ጦሳ፦
የፋብሪካውን ነገር አልተውሁትም፣ ሥራ ሰውን ያድናል። ግን ልጄ፣ ልኬ አላስገባውም፤ ሲፈልግ ይምጣና ያናግረኝ። የማውቀው የፈረቃ አለቃ አለ። ስሙን ደግሞ ንገሪኝ፣ ሲመጣ «አንተ» እንዳልለው።

እህተ ደሴ፦
እሺ ጋሼ፣ ስሙን እዚህ አልጽፈውም፤ ለብቻዎ እልክልዎታለሁ። የዚህን ወር ከፍያለሁ፣ ይቀጥላል። ጥያቄውን ራሱ እንዲጠይቃት ነግሬዋለሁ፤ «አስብበታለሁ» ብሏል። ማክሰኞ ሆስፒታል እንሄዳለን።