የሞተር ሳይክሌ ማርሚታ ተሰንጥቆ ጮኸብኝ፣ በርካሽ ምን ላድርግ?

ሮጬ አልደክምም፦
ሰላም ሰዎች በጣም ቸኩያለሁ እርዱኝ። እየነዳሁ ሞተሩ ድንገት መጮህ ጀመረ፣ ወርጄ ሳየው የጭስ ቱቦው ከማርሚታው (ከኋላ ካለው ድምፅ ማፈኛ) ጋር የተበየደበት ቦታ ዝጎ ተበልቶ ተሰንጥቋል፣ በጫማዬ ገፋ ሳደርገው ይወዛወዛል። የምሠራበት ሞተር ስለሆነ ነገ ጠዋት የግድ መውጣት አለብኝ። ኦሪጅናሉ ዋጋው አይቀመስም፣ ለሁሉም ሞተር ይሆናል የሚሉት አጭሩ ማርሚታ ግን ርካሽ ነው፣ ድምፁም አሪፍ ነው፣ ጉልበት ይጨምራል ይላሉ። እሱን ልግጠም? ደግሞ ቱቦውን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ላይ የያዙት ሁለቱ ዳዶዎች ዝገው ንቅንቅ አላሉም። ቶሎ መልሱልኝ

ዝገት ጠላቴ፦
ደብልዩዲ ፎርቲ የሚባለውን የሚነፋ ዘይት ንፋበትና እደር፣ ጠዋት ይፈታል።

መምህር ፒስተን፦
ወንድሜ ከመግዛትህ በፊት ማርሚታ ምን እንደሚሠራ እወቅ። ድምፅ መቀነሻ ብቻ አይደለም። ጭሱ ከሲሊንደር የሚወጣው በሞገድ ነው፣ የቱቦው ርዝመትና ስፋት ለሞተሩ ሲስማማ ያ ሞገድ የቀረውን ጭስ ስቦ ያወጣዋል፣ አዲሱ አየርና ቤንዚንም በደንብ ይገባል። ቱቦውን ከልክ በላይ ስታሰፋው የጭሱ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ያኔ በዝቅተኛ ዙር፣ ማለትም ጭነት ይዘህ ዳገት ላይ ስትነሳ፣ ጉልበቱ ይሞትብሃል። ሰው «ማርሚታ ክፍት ከሆነ ቫልቭ ያቃጥላል፣ ሞተር የጭስ ግፊት ይፈልጋል» ይላል። ልክ አይደለም፣ ጭስ ታፍኖ እንዲመለስበት የሚፈልግ ሞተር የለም። ቫልቭ የሚጎዳው ቤንዚን አንሶ ሙቀት ሲበዛ ነው። ባለ አንድ ሲሊንደር ትንሽ ሞተር ላይ ማርሚታ ብቻ ቀይሮ የሚገኘው ጉልበት ኢምንት ነው፣ የሚጨምረው ጩኸቱ ነው፣ ሲጮህ ደግሞ የፈጠነ ይመስላል።

ባለ ብየዳው፦
ቆይ ማን ቀይር አለህ? የተሰነጠቀው መገጣጠሚያው ነው፣ ማርሚታው ጤነኛ ከሆነ ለምን ትጥለዋለህ። ሲበርድ ዙሪያውን በመፍቻ እጀታ ቀስ እያልክ ምታው፣ ጥርት ብሎ ከጮኸ ብረቱ አለ፣ ድፍን ያለ ድምፅ ካለው ወይም ከጎደጎደ ከውስጥ አልቋል። ያለቀውን እስከ ጤነኛው ብረት ድረስ ቆርጠህ ተመሳሳይ ስፋት ያለው ቱቦ ታስበይድበታለህ። ዝገት ላይ የተበየደ ግን ሳይውል ሳያድር በጎኑ ይከፈታል፣ እንዳትሞክረው። ደግሞ ፈትተህ አውርደህ አስበይድ። የግድ ሞተሩ ላይ እንዳለ ከሆነ የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ ኮምፒውተር ካለውም የሱን ሶኬት ንቀል፣ የብየዳውን የመሬት ገመድ እዚያው ቱቦው ላይ አስይዘው።

ፍጥነት በልኩ፦
ሃሃ አጭሩን ከገጠምክማ ጎረቤት ሁሉ ሰዓት ሳይሞላ አብሮህ ይነሳል። የውሃ ቧንቧ ቆርጠህ ለምን አታስበይድበትም? የሚያደርጉት አሉ

ባለ ብየዳው፦
የውሃ ቧንቧው ዚንክ የተለበጠ ነው፣ ሲበየድ የሚወጣው ነጭ ጭስ በያጁን በትኩሳትና በብርድ ብርድ ነው የሚጥለው። ክብደቱም ለሞተር ቱቦ አይሆንም። እባክህ ለሰው አትምከር።

ዝገት ጠላቴ፦
ደብልዩዲ ነፋህበት ወይስ አልነፋህም?

ቁልፍ 12፦
ደብልዩዲ እርጥበት ያስወጣል እንጂ ለተጣበቀ ዳዶ ደካማ ነው፣ ለዝገት መፍቻ ተብሎ የሚሸጠው ዘይት ይሻላል። ወንድሜ በዚያ ዳዶ ላይ እንዳትታገል፣ ቴስታታው ላይ የተቀበረው ብሎን ከተሰበረ ችግሩ ከማርሚታ ወደ ቴስታታ ያልፋል። ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ ጥረገው፣ ዘይቱን በቀዝቃዛው ንፋበት፣ ግለት ላይ ከነፋህ ይቀጣጠላል። አሳድረው። ጠዋት መጀመሪያ ትንሽ ወደ ማጥበቂያው ግፋው፣ ከዚያ ወደ መፍቻው፣ እንደገና መለስ፣ እንዲህ እያወዛወዝክ ትንሽ ትንሽ አውጣው። ስትገጥም ደግሞ ብዙ ሰው የሚረሳው ጓርኒሲዮኑን፣ ማለትም ጭስ እንዳያመልጥ መሃል የሚገባውን ማሸጊያ ነው። የድሮው የመዳብ ቀለበት ቀዳዳው ውስጥ ጠቁሮ ተጣብቆ ይቀራል፣ የቴስታታው አካል ነው የሚመስለው፣ በሹል ነገር ፈልቅቀህ አውጣውና አዲስ አስገባ። በአሮጌው ላይ አዲስ ከደረብክ ጭስ ያስወጣል። ሁሉንም ብሎን በእጅህ ያዝ አድርገህ ሁለቱን ዳዶ እያፈራረቅክ አጥብቅ፣ የማርሚታውን ማንጠልጠያ መጨረሻ ላይ። ማንጠልጠያውን አስቀድመህ ካጠበቅከው ቱቦው ተወጥሮ ይቆይና ያው ብየዳ እንደገና ይሰነጠቃል።

መምህር ፒስተን፦
ቁልፍ 12 ጥሩ ብለሻል እህቴ። ጠያቂው ዋናውን አልነገረንም እኮ፣ ሞተሩ ቤንዚን የሚያገኘው በካርብሬተር ነው ወይስ በኮምፒውተር በሚታዘዝ ኢንጀክሽን? ቱቦው ላይ የጭሱን ኦክስጅን የሚለካ ሴንሰር አለ?

ሮጬ አልደክምም፦
ሴንሰር የሚባል አላየሁም፣ ቾክ አለው ስለዚህ ካርብሬተር ይመስለኛል። ዘይት ነፍቼበታለሁ። እሺ ጠዋት አስበይደዋለሁ፣ ግን አጭሩን ጭራሽ ልተወው ነው የምትሉት? ወድጄው ነበር

ቁልፍ 12፦
አትተወው፣ ስትረጋጋ ታደርገዋለህ። ቱቦውን እንዳለ ትተህ ከኋላ የሚሰካውን ብቻ ግዛ፣ እሱ ነው ወጪው የሚቀንሰው። የቱቦህን የውጭ ስፋት በካሊብሮ ለካ፣ የአዲሱ አፍ ከሱ 2 ሚሊ ከሰፋ በፋሸታ (በማሰሪያ ቀለበት) አይጠብቅም። ውስጡ ያለችውን ድምፅ መቀነሻ አታውጣት። ከገጠምክ በኋላ ነዳጅ ስትለቅ ጧ ጧ ካለ ወደ ካርብሬተር አትሩጥ፣ መጀመሪያ መገጣጠሚያው አየር እየሳበ እንደሆነ እይ። ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ሳለ አስነሳና መውጫውን በወፍራም ጨርቅ ለአፍታ ሸፈን አድርገው፣ በየትኛው ጎን እንደሚተነፍስ ትሰማለህ። ደጅ ላይ ይሁን፣ ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ አለው። መገጣጠሚያው ደህና ሆኖ ካንዴላው (እሳት የሚሰጠው) ነጭ ሆኖ ከወጣ ያኔ ቤንዚን አንሶታል፣ ዋናውን ጄት (ካርብሬተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያልፍበትን ቀዳዳ) አንድ ቁጥር ከፍ ታደርጋለህ።

ፍጥነት በልኩ፦
ለምንድነው ግን ሁሌ ከውስጥ የሚዝገው? ከላይ ሲታይ ኒኬሉ ያበራል

መምህር ፒስተን፦
1 ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ 1 ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት ይወጣል። አጭር መንገድ ብቻ የምትነዳ ከሆነ ማርሚታው ሳይግል ታጠፋዋለህ፣ ውሃው እዚያው ይተኛል። ብዙዎቹ ከስር ትንሽ ቀዳዳ ያላቸው ለዚህ ነው፣ ሲበየድ እንዳትደፈን።

ጥቁር ሄልሜት፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ የኔ ኢንጀክሽን ነው፣ አዲሱ ቱቦ የሴንሰር ቀዳዳ የለውም። ሴንሰሩን ነቅዬ ባንጠለጥለውስ?

ቁልፍ 12፦
አታንጠልጥለው፣ ንጹህ አየር ሲያሸት ኮምፒውተሩ ቤንዚን ያነሰ መስሎት ይጨምራል፣ ወይም መብራቱን ያበራና በግምት ይሠራል፣ በሁለቱም ቤንዚን ይበላብሃል። ለሴንሰሩ የሚሆን ጥርስ ያለው ቀለበት ለብቻው ይሸጣል፣ ቱቦው ላይ ከቴስታታው በድሮው ርቀት ልክ አስበይደው። ሴንሰሩን ይዘህ ሂድ፣ አንዳንዱ 18 ሚሊ ነው፣ ትንንሾቹ ሞተሮች ላይ ብዙ ጊዜ 12 ነው፣ እዚያው አስገብተህ ሞክረው።