አልባኒያን በ1916ቱ ካርታ በምን ቀለም ልቀባት?

ካርታ ወዳጁ፦
ሰላም ወገኖች። የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የባልካን ካርታ እየሠራሁ ነው፤ ቀኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው። አልባኒያ ላይ ስደርስ ግን ግራ ገባኝ። አንዱ ካርታ ገለልተኛ ብሎ በግራጫ ቀብቷታል፣ ሌላው ከኦስትሪያ ጋር ደርቧታል። ነጻነቷን ያወጀችው በ1912 አይደል? የ1916ቱን እንዴት ልሥራው?

የባልካን አንባቢ፦
ወንድሜ፣ በአንድ ቀለም አይሆንም። ገለልተኛ ለመባል "አልገባበትም" የሚል መንግሥት ያስፈልጋል፤ እሱ ነው የጠፋው። ታላላቆቹ መንግሥታት የመረጡላት ጀርመናዊው ልዑል ቪልሄልም ዱሬስ የገባው ማርች 7፣ 1914 ነው። ሴፕቴምበር 3 ላይ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ፤ ስድስት ወር እንኳ አልሞላውም። ዙፋኑን በይፋ ስላልለቀቀ አንዳንዱ ካርታ አሁንም "ልዑላዊ ግዛት" ይላታል፤ ወረቀት ላይ ልክ ነው፣ መሬት ላይ ግን አይደለም።

ለ1916 መጨረሻ እንዲህ ክፈለው፦ ከሽኮደር አንስቶ እስከ ቪዮሳ ወንዝ የኦስትሪያ-ሃንጋሪ ጦር፣ ከወንዙ በስተደቡብ ቭሎራንና ጂሮካስተርን ጨምሮ ጣሊያን፣ በደቡብ ምሥራቅ ኮርቻ ፈረንሳይ። "1916" ብቻ ብለህ እንዳትተወው። ኦስትሪያ ዱሬስን የያዘችው ፌብሩዋሪ 27 ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ወደቡ ወደ ኮርፉ መርከብ በሚጠብቁ የሰርቢያ ወታደሮች ተጨናንቆ ነበር።

ሰያፍ መስመር፦
ኮርቻን በፈረንሳይ ቀለም ሞልተህ ላዩን በሰያፍ መስመር አስምርበት። ዲሴምበር 10፣ 1916 ላይ የፈረንሳዩ ኮሎኔል ዴስኮን ራስ ገዝ አስተዳደር ፈቀደላት። ምክር ቤቱ 14 አባላት ነበሩት፣ ግማሹ ክርስቲያን ግማሹ ሙስሊም። የሥራ ቋንቋው አልባኒያኛ ሆነ። ፈረንሳዮቹ ይህን ያደረጉት ለደግነት ሳይሆን የግሪክን ንጉሣውያን ሹማምንት አስወጥተው የአልባኒያን ሽምቅ ተዋጊዎች ከጎናቸው ለማሰለፍ ነው። የፖሊስ አዛዥ ያደረጉትን ቴሚስቶክሊ ገርመኒን በ1917 ተሰሎንቄ ላይ ራሳቸው ረሸኑት። ራስ ገዝነቱም ፌብሩዋሪ 1918 ላይ ተሰረዘ። ካርታህ የኖቬምበር ከሆነ መስመሩን ተወው።

ቀን ቆጣሪ፦
ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው። ሰርቢያ፣ ሞንቴኔግሮና ግሪክ ያኔ በዩልዮስ አቆጣጠር ነበር የሚሄዱት፤ 13 ቀን ወደ ኋላ ይቀራል (ገናችንን ጃንዋሪ 7 ላይ ያዋለው ልዩነት ነው)። ሞንቴኔግሮ ሽኮደር የገባችው ጁን 27፣ 1915 ነው፤ በራሷ አቆጣጠር ጁን 14። ሁለቱን ቀን አይተህ ሁለት ዘመቻ እንዳይመስልህ።

ስምም ያሳስታል። ዱራጾ ዱሬስ ናት፣ ቫሎና ደግሞ ቭሎራ። ስኩታሪ ሽኮደር ናት፤ ግን ኢስታንቡል ውስጥም ስኩታሪ የሚባል ሰፈር አለ።

ደግሞ የኤፕሪል 26፣ 1915ቱን ምሥጢራዊ የለንደን ውል እንደ ድንበር አትሣለው። ቭሎራን ለጣሊያን ሰጥቶ፣ ሰሜኑንና ደቡቡን ለጎረቤቶች ሊያካፍል፣ ለአልባኒያ መሃሏን ብቻ ያስቀረ ዕቅድ ነበር። እንደተጻፈው ሥራ ላይ አልዋለም።

ካርታ ወዳጁ፦
አመሰግናለሁ፤ ዲሴምበር 31፣ 1916 ብዬ እሠራዋለሁ። ከቭሎራ ፊት ለፊት ያለችው የሳዛን ደሴትስ?

የባልካን አንባቢ፦
የጣሊያን፣ ከኦክቶበር 1914 ጀምሮ። የ1920ውን ካርታ ስትሠራም ቀለሟን አትቀይር፤ ቭሎራን ለቀው ሲወጡ እሷን አልለቀቁም።